ውሻው ነጠላ ጫማ ነክሶ የሚመጣው ለምንድን ነው? የጅማ ልጆች ክርክር

ሰሞኑን የጅማ ልጆች በምንጽፍበት መድረክ ላይ አንድ ክር (አንድ ጥያቄና ከሥሩ የሚከተሉት መልሶች) ተከፍቶ ስንት ሰው አፋጠጠ መሰላችሁ። ጥያቄው ቀላል ነው። ጠያቂው አጂፕ አካባቢ የሚኖር ወጣት ነው። ከሥራ ሲመለስ ውሻው በሩ ላይ ይጠብቀዋል፤ ባዶ አፉን ግን አይመጣም። አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ወይ የተጨማደደ ሃይላንድ፣ ወይ የልጆች ጨርቅ ኳስ ነክሶ ይመጣል። አንዳንዴ እግሩ ሥር ያስቀምጥለታል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ አይለቅም። ልጁ ማወቅ የፈለገው ስጦታ ይሁን ጨዋታ ወይስ የምግብ ጥያቄ ነው። ውሻው የሀበሻ ውሻ እንደሆነ፣ ማንም እንዳላሠለጠነውም ጨምሯል። የሚያውቅ ሰው እንዲያስረዳው በትህትና ለምኖ ጨረሰ።

መልሱ ብዙ ነው። ሁሉንም አልደግመውም፤ ሰላምታውንና ስቲከሩን ዘልያለሁ። ቁጥሮቹን ያስቀመጥኩት ሰዎቹ ወደ ኋላ እየተመለሱ ስለሚጠቃቀሱ ነው።

1ኛ

መጀመሪያ የመለሱት አንዲት እናት ናቸው። ስጦታ ነው ባይ ናቸው። ውሻ የሚወደውን ነገር ለሚወደው ሰው እንደሚሰጥ፣ ቀኑን ሙሉ ብቻውን የዋለ ፍጡር ማቀፍ ስለማይችል ያለውን ይዞ እንደሚመጣ ጻፉ። አጻጻፋቸው አንጀት ይበላል። ወዲያው ቀይ ልብ ሞላው። እኔ ግን ሐሳቡን ከመጀመሪያውም ትንሽ ጠርጥሬዋለሁ። ስጦታ ነው የሚለው መልስ ለእኛ በጣም ይመቸናል። የተመቸን ሁሉ ደግሞ እውነት አይደለም።

2ኛ

ቆጪ ያደገ ልጅ ደገፋቸው። ማስረጃው አያቱ ናቸው። አያቱ ፀሐይ ለመሞቅ በርጩማቸውን አውጥተው ሲቀመጡ የግቢው ውሻ ያኘከውን አጥንት አምጥቶ ቀሚሳቸው ጫፍ ላይ ያኖርላቸዋል። እሳቸውም መርቀው ይቀበላሉ፤ ከዚያ አንስተው በአጥሩ ማዶ ይወረውሩታል። ውሻው በቀዳዳው ወጥቶ ያንኑ አጥንት ይዞ ከች ይላል። ልጁ ይህን የጻፈው ፍቅር መሆኑን ለማሳየት ነበር። ሳያስበው ለተቃራኒው ወገን ማስረጃ አቀበለ።

3ኛ

ሦስተኛው መላሽ ጡረታ የወጡ ጋሼ ናቸው። በወጣትነታቸው የጥበቃ ውሾች ያሠለጥኑ ነበር። አነጋገራቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አያውቁም። የ2ኛው መልስ አያት ስጦታ እየተቀበሉ ሳይሆን አጥንት እየወረወሩ መሆኑን አስታወሱ። ውሻው የሚመላለሰው ለምርቃቱ ሳይሆን ለውርወራው ነው አሉ።

ቀጥለው የጻፉት ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ነው። ያመጣው እቃ ላይ ማፍጠጥ ዋጋ የለውም፤ ካመጣ በኋላ የሚያደርገው ላይ ነው ማየት ያለብን ይላሉ። ውሻው ነጠላ ጫማውን ከሰውየው አንድ እርምጃ ራቅ አድርጎ ይጥላል። የፊት ክርኖቹን መሬት ያስነካል፤ ቂጡን ሽቅብ ያነሳል። ዓይኑ ከሰው ወደ ጫማ፣ ከጫማ ወደ ሰው ይመላለሳል። እጅ ሲዘረጋበት እመር ብሎ ጫማውን ይነጥቅና ይፈተለካል። ትንሽ ሮጦ ደግሞ ቆም ይላል፤ ዞሮ እየተከተሉት መሆኑን ያያል። ስጦታ የሚሰጥ እቃውን ይዞ አይሮጥም ነው ነገራቸው። አባሮሽ እየጠራችሁ ነው ብለው ደመደሙ።

4ኛ

ጠያቂው ተመለሰ። ውሻው ጋሼ እንደገለጹት አንድ በአንድ እንደሚያደርግ አመነ። እሱም ጫማውን ለማስጣል ሁልጊዜ ግቢውን እየዞረ እንደሚያባርረው ተናዘዘ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። ለውሻ ከዚህ በላይ ምን ፌሽታ አለ?

5ኛ

እዚህ ላይ እዚሁ ጅማ የምትሠራ የእንስሳት ሐኪም ገባች። ክሩን መስመር ያስያዘችው እሷ ናት። እንደ እሷ አባባል 1ኛውም 3ኛውም ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል። ስህተቱ አንድ ድርጊት አንድ ምክንያት ብቻ አለው ብሎ ማሰቡ ላይ ነው።

የሚወደው ሰው ሲመጣ የውሻው ደስታ ሞልቶ ይፈሳል። ያን ጊዜ ብዙ ውሾች በአቅራቢያቸው ያገኙትን ነገር አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። ሲያዩት ወገቡ ይጥመለመላል፣ ጭራው ጎኑን ይገርፈዋል፣ በአፍንጫው ያለቃቅሳል፣ እቃውን ግን አይለቅም። ይሄኛው ሰላምታ ነው፤ ጫማው የደስታው መያዣ ነው እንጂ ለማንም የመጣ አይደለም። የሚጥለውና የሚጠብቀው ውሻ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ጨዋታ ጠያቂ ነው። በፈረንጆቹ 2000 ላይ እንግሊዝ አገር የወጣ ጥናት ውሾች ከሰው ጋር ሲጫወቱ መጫወቻውን ቶሎ እንደሚለቁና ወደ ሰውየው እንደሚያቀርቡ አሳይቷል። ከሌላ ውሻ ጋር ሲሆኑ ግን የሙጥኝ ይላሉ። ከማን ጋር ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሚያዋጣ ለይተው ያውቃሉ ማለት ነው። የምግብ ሳህኑን ነክሶ መጥቶ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ውሻማ ማብራሪያም አያስፈልገው።

ያሰመረችበት ግን የመጨረሻው ነው። ትኩረት ያስገኘ ድርጊት ይደገማል። መሳቅ ትኩረት ነው፣ ማባረር ትኩረት ነው፣ መጮህም ትኩረት ነው። ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየው ላጣ ውሻ ቁጣም ከዝምታ ይሻለዋል። ለአብዛኛው የእኛ ሰፈር ውሻ እኔ ዋናው መልስ ይህ ይመስለኛል። ውሻን ለጥበቃ እናሳድገዋለን፤ አብረነው አንጫወትም። ዞር ብለን የምናየው ጫማችንን ሲነካ ብቻ ነው። እሱም ይህን ተምሯል።

6ኛ

ከውጭ ዝርያ የተዳቀሉ ቡችሎች የሚሸጥ አንድ ሰው ብቅ አለ። እቃ ማምጣት የፈረንጅ ውሻ ሥራ እንደሆነ፣ የሀበሻ ውሻ ከመጮህ ሌላ ሙያ እንደሌለው ጻፈ። የጠቀሳቸው ነገሮች ትክክል ናቸው። ላብራዶር የሚባለው የውሻ ዝርያ ቅድመ አያቶች በካናዳዋ ደሴት በኒውፋውንድላንድ የዓሣ አጥማጆች ረዳት ነበሩ፤ ከመረብ ያመለጠ ዓሣና ገመድ ከውሃ ውስጥ እየነከሱ ያወጡ ነበር። ጎልደን ሪትሪቨር የሚባለው ዝርያ የተጀመረው ስኮትላንድ ውስጥ በፈረንጆቹ 1868 ነው። አዳኙ የመታትን ወፍ ጥርሱን ሳያሳርፍባት ይዞ የሚመጣ ውሻ እየተመረጠ ነው የተራባው። ከዚህ ሁሉ ያወጣው ድምዳሜ ግን ገበያውን የሚያሟሙቅ ይመስላል። የጠያቂውን ውሻ ጫማ ሌባ ብሎ ነው ያለፈው።

7ኛ

አንድ ተማሪ ታላቄን አክብሬ ነው ከሚል ዓይነት መግቢያ ጋር መጣ። አክብሮቱ ግን እስከ ሁለተኛው መስመር ብቻ ነው የዘለቀው። በፈረንጆቹ 2020 የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡትን ሥራ አነሳ። በሰው እጅ ያደጉ 13 የተኩላ ግልገሎችን በ8 ሳምንታቸው ፈተኗቸው። የማያውቁት ሰው የቴኒስ ኳስ ይወረውራል፤ እንዲያመጡ ይጠራቸዋል። አብዛኞቹ ዞር ብለውም አላዩት። 3ቱ ግን ኳሱን ነክሰው ለሰውየው መለሱለት። ማንም አላስተማራቸውም። ዝርያም ሙያም የሌለው ተኩላ ይህን ካደረገ ለሀበሻ ውሻ ምን ይሳነዋል ሲል ጠየቀ። እውነቱን ነው። ፈረንጆቹ የፈጠሩት ነገር የለም፤ የነበረውን መርጠው አበዙት እንጂ። ቡችላ ሻጩ መልስ አልሰጠም።

8ኛ

ሮቤ ተወልዶ ጅማ የሚኖር ልጅ ወደ ባሌ ወሰደን። የባሌ ተራራ ቀይ ቀበሮ የውሻና የተኩላ ቅርብ ዘመድ ነው። አይጡን የሚያድነው አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻው ነው፤ ግልገል የሚያሳድገው ግን መንጋው በጋራ ነው። እናትና አባት ያልሆኑትም ምግብ ተሸክመው መጥተው ለግልገሎቹ ያስመልሱላቸዋል። ስለዚህ ለቤተሰብ በአፍ ይዞ መምጣት በዘር ውስጥ ያለ ነገር ነው ይላል። ወዲያው ግን ራሱን ገታ፤ ግልገል መመገብና ነጠላ ጫማ ማቀበል አንድ ነው ማለቱ እንዳልሆነ ጻፈ። እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ በመድረካችን ብርቅ ነው።

9ኛ፣ 10ኛ፣ 11ኛ

እነዚህ ከመንገድ ወጡ። ቀይ ቀበሮ የአበባ ማር ሲልስ የሚያሳይ ፎቶ አንዱ ለጠፈ። ነገሩ እውነት ነው፤ በፈረንጆቹ 2024 ነው የታተመው። ከዚያ ሁሉም ስለ አበባው ሆነ። በመላው ዓለም ከ500 ያነሱ ቀበሮዎች ብቻ መቅረታቸውን አንዷ ስትጽፍ ወሬው ቀዘቀዘ።

12ኛ

ከዚህ በኋላ ዝናቡ ወረደ። አንድ ሰው ጤፍ የት እንደደረሰ እያየን ስለ ውሻ መጫወቻ እንከራከራለን ብሎ ተቆጣ። ውሻን ምን አገባው ከእርሻ ብሎም ተረተብን። ከዚያ የባሰም ጽፎ ነበር፤ አንድ መስመር ተሰርዞበታል። ስለ ኑሮው የተናገረው ሐሰት የለውም። ግን ክሩን ያነበበው አይመስልም።

13ኛ

መልሱ ቦሳ አዲስ ከሚባለው ሰፈር የመጣ ነው፤ ሹል ነው። ማንም ለውሻ መጫወቻ ገዝቻለሁ እንዳላለ፣ ወሬው ስለተጣለ ሃይላንድና ስላረጀ ነጠላ ጫማ መሆኑን አስታወሰ። አክሎም ጤፍ የሚያስወድደው የጠያቂው ውሻ መሆኑን ማስረጃ ካለው እንዲያቀርብ ጠየቀው። ሰውየው ከክሩ ወጣ።

እግረ መንገዴን የራሴን ልጨምር። ፈረንጅ አገር ውሻው የጎማ አጥንት ሲያመጣ እዚህ ጫማ የሚሆነው ያለምክንያት አይደለም። ጅማ ዝናብ ነው፣ ጅማ ጭቃ ነው። ጫማችንን በረንዳ ላይ አውልቀን ነው የምንገባው። ለውሻው የቀረበለት እሱ ነው። ደግሞ የባለቤቱን ጠረን እንደ ጫማ የያዘ እቃ የለም። በአፍንጫው ለሚኖር እንስሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

14ኛ

ነገሩን ያበረዱት እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ የሚኖሩ አንድ መምህር ናቸው። ሰላምታቸው ራሱ ሰው ያረጋጋል። ውሻ ያመጣውን ለማን ነው ያመጣው የሚለው ጥያቄ አዲስ እንዳልሆነ ጻፉ። ቁርአን በሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ ላይ የሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት ለእናንተ የያዙላችሁን መብላት ይፈቅዳል። ዐዲይ ቢን ሓቲም የተባሉት ሰሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ስለ አዳኝ ውሻ ነቢዩን ጠይቀው ያገኙት መልስ ደግሞ፣ ውሻው ካደነው ከበላ ለራሱ ነው የያዘውና አትብላ የሚል ነው። መለያው ውሻው ከያዘ በኋላ የሚያደርገው ነው ማለት ነው። መምህሩ ይህን ከ3ኛው መልስ ጋር አገናኙት። ጡረተኛው ጋሼም ደስ ብሏቸው ለመምህሩ ዱዓ ለመኑ። ክርስቲያን ናቸው፤ ጅማ ነው እንግዲህ።

15ኛ

አንዲት ወጣት የውሻ ለሃጭ የነካው ጫማ ነገርስ ብላ ጠየቀች። መምህሩ ውሻ የላሰው እቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር እንደሚታጠብ የሚታወቀውን ሐዲስ ጠቀሱ። ለዝርዝሩ የሰፈሯን ሸኽ እንድትጠይቅ መከሩ። አያይዘው ግን ውሃ የጠማውን ውሻ ያየውን ሰው ታሪክ አነሱ። ሰውየው ጉድጓድ ወርዶ ጫማውን ውሃ ሞልቶ፣ ጫማውን በጥርሱ ነክሶ ወጥቶ ነው ያጠጣው። ለዚያም ምሕረት አገኘ። በክሩ ውስጥ ጫማ ነክሶ የተገኘ ሰው ይህ ብቻ ነው ብሎ አንዱ ቀለደ። መምህሩ አልተቀየሙም።

16ኛ

ከጂሬን አንድ ገበሬ መፍትሔ አቀረቡ። ጫማችሁን ለማዳን የበቆሎ ቆረቆንዳ ስጡት አሉ። እሳቸው ቤት ውሻው ቆረቆንዳ ነክሶ ነው የሚቀበላቸው። ነፃ ነው፣ በየጓሮው አለ፣ ጥርስም ያጸዳል ብለዋል።

17ኛ

ሐኪሟ እዚህ ላይ ጨዋነቷን ትንሽ አላላች። በፍጹም ነው ያለችው። ቆረቆንዳ ውሻ ሆድ ውስጥ አይፈጭም። ተቆርጦ ከተዋጠ አንጀት ውስጥ ይሰነቀራል። ውሻው ያስመልሳል፣ መብላት ያቆማል፣ ሆዱ ይነፋል፤ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥቆ ይወጋል። ካልሲም ይዋጣል። ለጅማ ሰው ብላ የጨመረችው ደግሞ ቡናን ነው። በረንዳ ላይ የተሰጣ ቡና የሚቆረጥም ውሻ ካለ ያስነሱት፤ በውስጡ ያለው ካፌን ለውሻ መርዝ ነው። ልብ ያስሮጣል፣ ያንቀጠቅጣል። ገበሬው ጃንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አጠገብ የሚተኛው ውሻቸው ምንም እንዳልሆነ ቢመልሱም አልለቀቀችም። ተኝቶ መጠበቅና መቆርጠም ለየቅል መሆኑን ነገረቻቸው።

የሷን ምክር ባጭሩ ላስቀምጠው። አሮጌ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ መግመድና ጫፍና ጫፉን መቋጠር ይበቃል። ሊውጠው ከሚችለው በላይ ትልቅ ይሁን። መበጣጠስ ሲጀምር ይጣል።

18ኛ

አንዲት የሂርማታ እናት የደረሰባቸውን ጻፉ። ሴት ውሻቸው ሰሞኑን የልጆቹን ነጠላ ጫማዎች አንድ በአንድ እየወሰደች የማዳበሪያ ከረጢት በተከመረበት ጥግ ታጠራቅማለች። ለማንም አታመጣም። ጫማዎቹ ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች፤ ሰው ሲጠጋ ታጉረመርማለች። ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ጎረቤት ድግምት ነው ብሏቸው ተጨንቀዋል።

19ኛ

ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀቻቸው ውሻዋ ወንድ የፈለገችው መቼ እንደነበር ነው። ሴትየዋ አስበው ሁለት ወር ገደማ ቢሆን ነው አሉ። እንግዲያው ሐሰተኛ እርግዝና መሆኑ አይቀርም። ሳታረግዝ ሰውነቷ ያረገዘች ያህል ይሆናል። ጡቷ ሊያብጥ፣ ወተትም ሊወጣው ይችላል። ጎጆ ታዘጋጃለች፤ ጫማዎቹን እንደ ቡችሎቿ ነው የያዘቻቸው። በጉልበት መንጠቅ መነከስን ያመጣል። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሦስት ሳምንት በራሱ ይለቃታል፤ ጡቷ ከጠነከረ ወይም ምግብ ከተወች ግን ሐኪም ይያት። ሴትየዋ እፎይ አሉ። ድግምቱን ያወራው ጎረቤትም እዚያው መድረክ ላይ ስለነበረ ትንሽ ተነካኩ።

20ኛ

ቀጣዩ መልስ ከአንድ የጤና ባለሙያ ነው። ስለ ጨዋታ ብቻ እየተወራ ዋናው መረሳቱ አስቆጥቶታል። ውሻ አፉ ውስጥ እንግዳ ነገር መያዙ ሁልጊዜ ጨዋታ አይደለም ይላል። በእብድ ውሻ በሽታ የተያዘ ውሻ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ያገኘውን ሁሉ ሊነክስ ይችላል። ጸባዩ በድንገት ይለወጣል። ድምፁ ይሻክራል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መንጋጋው ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ውሻ አፉ ውስጥ ያለውን ላስጥል ብሎ እጅ መስደድ ራስን መግደል ነው።

ቀጥሎ ያለውን ሁሉም ሰው ቢይዘው ጥሩ ነው። የተነከሰ ወይም ቁስሉ በለሃጭ የተነካ ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ ሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ውሻ በየዓመቱ ይከተብ። የባሌው ልጅም ተመልሶ ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የፈጀው ይኸው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ መሆኑን ጨመረ። ጠያቂው ውሻው መከተቡን ሲጠየቅ ዝም አለ። ዝምታው ብዙ ቁጣ አወረደበት፤ በመጨረሻ ሊያስከትብ ቃል ገባ።

21ኛ እና ከዚያ በታች

ፍርሃቱ ሲያልፍ ወሬው ወደ ውሻ ስም ዞረ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ቡቺና ጃክ ያልሆነ ስም ያለው ሁሉ ጻፈ። የአንዱ አያት ውሻቸውን ሰው ለምኔ ብለው ነበር፤ ጎረቤት እንዲሰማ። ሌላው ቤት መቻል የሚባል ውሻ ነበር፤ መቻል እየተባለ በተጠራ ቁጥር አማት ይከፋቸዋል። ይህ ራሱን የቻለ ክር ይወጣዋል። በዚህ መሃል ተማሪው ቼዘር ትባል የነበረችውን የቦርደር ኮሊ ዝርያ አሜሪካዊት ውሻ አነሳ። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጆን ፒሊ የ1,022 መጫወቻዎችን ስም አስተምረዋት ነበር፤ ሥራው የታተመው በፈረንጆቹ 2011 ነው። በስም የተጠራላትን ለይታ ታመጣ ነበር። ቡችላ ሻጩ ከተደበቀበት ብቅ ብሎ እሷም የፈረንጅ ናት አለ። ጡረተኛው ጋሼ ግን የሀበሻ ውሻ ያንን ያህል ቀን ከሌት ያስተማረው ሰው የት አለ ብለው አፉን አስያዙት።

27ኛ

ጠያቂው መፍትሔ ፈለገ። ጫማው እያለቀበት ነው። ጋሼና ሐኪሟ እዚህ ላይ ተስማሙ። ማባረር ይቁም። ጫማ ነክሶ ሲመጣ ፊት አይሰጠው፤ አይጮህበት፤ ዞሮ ይግባ። ማስጣል ግድ ከሆነ በልዋጭ ነው። በአንድ እጅ ቁራሽ ዳቦ ማሳየት፣ አፉን ሲከፍት ልቀቅ ማለት፣ ዳቦውን መስጠት። ከአፉ መንጠቅ ውሻውን ያገኘውን እንዲደብቅ ወይም ጥርሱን እንዲያሳይ ነው የሚያስተምረው። ጨርቅ ኳሱን ወይም ግምዱን ይዞ ሲመጣ ግን ወዲያው አብሮት ይጫወት፤ ትንሽም ቢሆን። ጫማው ምንም እንደማያስገኝ፣ ኳሱ ጨዋታ እንደሚያስገኝ ውሻው ራሱ ይደርስበታል።

አንድ ነገር ግን አልተነሳም፤ እኔ ጻፍኩት። ጫማውን ለምን በረንዳ ላይ ይተዋል? ሳጥን ይግዛ።

28ኛና 29ኛ

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ የአጂፕ ነዋሪ ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ጥርጣሬ ገባው። ከበራፉ አንድ እግር ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ከጠፋበት ሰንብቷል። ጠያቂው በመጀመሪያው ጽሑፉ ላይ ለጥፎት የነበረውን ፎቶ አጉልቶ መልሶ ለጠፈው። ውሻው አፍ ውስጥ ያለው ሰማያዊ ነው። ባለቤቱ ይክፈል አለ፤ አለዚያ ቀበሌ እንገናኝ። 1ኛዋ እናት ሊያስታርቁ ሞከሩ። ጠያቂው ሰማያዊ ጫማ በከተማው ሞልቶ እንደሆነ ተከራከረ። ሰውየው ማሰሪያው በጥቁር ክር የተሰፋ መሆኑን ሲናገር ግን ጠያቂው ፎቶውን አጠፋው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በውስጥ መስመር ጨርሰውታል። ተከፈለ ነው የሚባለው።

30ኛ

የመጨረሻዋ ጠያቂ ድመቷ የሞተ አይጥ አምጥታ አልጋዋ አጠገብ የምታስቀምጠውም አባሮሽ ፈልጋ እንደሆነ መጠየቅ ፈለገች። የድመት ነገር ከአደንና ያደኑትን ደህና ቦታ ከማድረስ ጋር ስለሚያያዝ ሌላ ወሬ ነው። ለብቻው ክር ከፍቼላታለሁ፤ ሐኪሟም ከእሁድ በኋላ እመልሳለሁ ብላለች።